አንድ ክንድ ገመድ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ሥራ ያለው ለጊዜው ይተወው፤ አንዲት ገመድ ያመጣችውን ጣጣ ላጫውታችሁ።

ዋርካ ሰፈር በሚባል ቦታ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። በጤና ጣቢያው እልፍነሽ የምትባል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ አፏ ቀጥተኛ፣ እግሯ ፈጣን፣ ሆዷ ግን ቡቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ አለቃዋን ሲስተር ወለላን «ይሄ የወረቀት ካርድ ይቅርብን፤ አይጥ ይበላዋል፣ ሰው ካርዱ እስኪገኝ ይውላል» እያለች ስትጨቀጭቃት ከረመች። በመጨረሻ ሲስተር ወለላ ተሸነፈች። አዲስ ኮምፒውተር ተገዛ፤ የበሽተኛው ሁሉ ካርድ እዚያው ሻጩ ኩባንያ ዘንድ ተገለበጠበት፤ የወረቀቱም ክምር ታስሮ መጋዘን ወረደ።

ሰኞ ጠዋት ካርቶኑ ተከፈተ። ኮምፒውተሩ አለ፣ ማያው አለ፣ በአራት ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ አለ። የመብራት ገመዷ የለችም! እልፍነሽ የሰፈሩን ገመድ ሁሉ ሰብስባ ሞከረች፤ ይህች ግን ለብቻዋ የተሠራ ጭንቅላት ያላት ናት፣ ሌላ አይገባላትም።

ሰልፉ ከበሩ አልፎ አስፋልቱ ጋ ደርሷል። ሰልፉ ውስጥ የቆሙት ጋሽ ይማም «ልጄ፣ ድሮ ወረቀት ላይ ነበርኩ። አሁን የት ነው ያለሁት?» አሏት። ሲስተር ወለላም ሰዓቷን እያየች «እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ካልሆነ ወረቀቱን አስወጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተር የሚል ቃል ካፍሽ እንዳልሰማ» አለቻት። እልፍነሽ አፈረች። ያ ሁሉ ሰው በእሷ ቃል ፀሐይ ላይ መቆሙ አንጀቷን በላው። እንባዋን ዋጥ አድርጋ ታክሲ ያዘች።

ሻጩ ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ ነው። ምድር ላይ የሽያጭ ሠራተኛው ኪሩቤል ተቀምጧል፤ ከረባቱ ቀይ፣ ምላሱ ማር።

«እልፍዬ! የኔ ደንበኛ!»

«ኪሩቤል፣ የመብራቷ ገመድ ካርቶኑ ውስጥ የለችም። እሷን ስጠኝ።»

«ገመድ ምን ያደርግልሻል! አሻራ የሚያነብ በር አለልሽ...»

«በር አለን።»

«አሥራ ስድስት ካሜራ...»

«ገመድ!»

«እሺ፣ ልዩ የሦስት ዓመት ጥቅል...»

«ገመድ! ገመድ! ገመድ!»

ኪሩቤል ከረባቱን አስተካከለ። «ገመድ እንኳ ቴክኒሻኑ ባይሳ ‹ጎድላለች› ብሎ ካልጻፈልኝ አልሰጥም» አለ።

ባይሳ ካልጻፈ ኪሩቤል አይሰጥ፤ ኪሩቤል ካልሰጠ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ኮምፒውተር አይበራ፤ ኮምፒውተር ካልበራ ካርድ አይወጣ፤ ካርድ ካልወጣ ሰልፉ አይንቀሳቀስ! እልፍነሽ ወደ ሊፍቱ ሮጠች። ሊፍቱ ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቷል። በደረጃ ወጣች።

አንደኛ ፎቅ ላይ ባይሳ አንድ ማተሚያ በትኖ ብሎኖቹ መሐል ተቀምጧል።

«ባይሳ፣ ገመዷ ጎድላለች ብለህ ለኪሩቤል ጻፍለት።»

«እጽፍ ነበር፣ እህቴ» አለ ባይሳ ቀና ሳይል። «ግን የትኛዋ ገመድ? ቁጥር አላት። ቁጥሯን ደግሞ የምታውቀው ዕቃ ግምጃ ቤቷ ንግሥት ናት። እሷ መጋዘኑን ከፍታ ቁጥሩን ካላነበበችልኝ አልጽፍም።»

ንግሥት ካልከፈተች ባይሳ አይጽፍ፤ ባይሳ ካልጻፈ ኪሩቤል አይሰጥ፤ ኪሩቤል ካልሰጠ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ኮምፒውተር አይበራ፤ ኮምፒውተር ካልበራ ካርድ አይወጣ፤ ካርድ ካልወጣ ሰልፉ አይንቀሳቀስ! ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ንግሥት መጋዘኑ በር ላይ ወንበር ዘርግታ ሹራብ ትሠራለች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታለች፤ ንፋስ እንኳ ሳያስፈቅዳት አይገባም።

«ንግሥት፣ እባክሽ ክፈችና ለባይሳ ቁጥር አንብቢለት።»

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፣ የኔ እህት። አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድ ብሎን አልጎደለብኝም። ለምን? ያለ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፉ ፊርማ ስለማልከፍት!»

አቶ ሰይፉ ካልፈረመ ንግሥት አትከፍት፤ ንግሥት ካልከፈተች ባይሳ አይጽፍ፤ ባይሳ ካልጻፈ ኪሩቤል አይሰጥ፤ ኪሩቤል ካልሰጠ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ኮምፒውተር አይበራ፤ ኮምፒውተር ካልበራ ካርድ አይወጣ፤ ካርድ ካልወጣ ሰልፉ አይንቀሳቀስ! አሁን ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፉ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ይፈርማል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ዝም ብሎ ነው የያዘው።

«ጋሼ፣ ንግሥት እንድትከፍት ይፈርሙልኝ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ አቶ ሰይፉ።

«ጋሼ፣ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ በሽተኛው ሊያልቅብኝ ነው!»

«ስሚ ልጄ። ሰው ፈርሞ ማኅተም ያስመታል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ላይ ፈርሜ ጉድ ሆንኩ፤ ያላልኩትን ሁሉ ከፊርማዬ በላይ ጽፈውበት መጡ። ከዚያ ወዲህ ማኅተም ሳላይ እጄን አላሳርፍም። ጸሐፊዋ ጸዳለ ደብዳቤ ጽፋ ማኅተም ታሳርፍበት፤ ያኔ እፈርማለሁ።»

ጸዳለ ካላተመች አቶ ሰይፉ አይፈርም፤ አቶ ሰይፉ ካልፈረመ ንግሥት አትከፍት፤ ንግሥት ካልከፈተች ባይሳ አይጽፍ፤ ባይሳ ካልጻፈ ኪሩቤል አይሰጥ፤ ኪሩቤል ካልሰጠ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ኮምፒውተር አይበራ፤ ኮምፒውተር ካልበራ ካርድ አይወጣ፤ ካርድ ካልወጣ ሰልፉ አይንቀሳቀስ! ይህን ሁሉ ደረጃው ላይ ጮክ ብላ ስትለው አንድ ቢሮ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ወጥተው አጨበጨቡላት።

አራተኛ ፎቅ ላይ ጸዳለ ገና እልፍነሽ አፏን ሳትከፍት ደብዳቤውን ጽፋ ጨረሰች። ጣቷ እንዲህ ፈጣን ነው።

«ይኸው ደብዳቤው» አለች። «ማኅተሙም ይኸው፣ እዚህች የብረት ሣጥን ውስጥ። ቁልፉ ግን የኩባንያው ባለቤት የእትዬ አልጋነሽ አንገት ላይ ነው። ዛሬ ደግሞ ተቆጥተዋል፣ ለማንም አይሰጡም። አምስተኛ ፎቅ ነሽ፣ አይዞሽ።»

እትዬ አልጋነሽ ካልሰጡ ሣጥን አይከፈት፤ ሣጥን ካልተከፈተ ጸዳለ አታትም፤ ጸዳለ ካላተመች አቶ ሰይፉ አይፈርም፤ አቶ ሰይፉ ካልፈረመ ንግሥት አትከፍት፤ ንግሥት ካልከፈተች ባይሳ አይጽፍ፤ ባይሳ ካልጻፈ ኪሩቤል አይሰጥ፤ ኪሩቤል ካልሰጠ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ኮምፒውተር አይበራ፤ ኮምፒውተር ካልበራ ካርድ አይወጣ፤ ካርድ ካልወጣ ሰልፉ አይንቀሳቀስ! እልፍነሽ አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነበር። ሰዓቱ ደግሞ አምስት አልፏል።

እትዬ አልጋነሽ ወፍራም ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሦስት አዲስ ስልኮችና አንድ አሮጌ ስልክ ተደርድረዋል።

«እትዬ፣ ቁልፉን...»

«ቁልፍ አትበዪኝ! መጀመሪያ ለኔ መልሺልኝ» አሉ እትዬ አልጋነሽ። «አሮጌው ስልኬ ቻርጅ አልይዝ አለ። የልጅ ልጄ ዛሬ ልትደውልልኝ ነበር። የራሴን ሻጮች ብጠራቸው አንዱ ይሄን አመጣ፣ አንዱ ያንን፣ አንዱ ያኛውን። ሦስቱም ‹ከዚህ በቀር አይሆንዎትም› ብለው ማሉ። ሦስቱም እንዴት እውነት ይሆናል? የትኛውን ልያዝ?»

እልፍነሽ አዲሶቹን አልነካችም። አሮጌውን አነሣች፣ ገልበጥ አድርጋ ወደ ብርሃን አቀረበችው፣ ከፀጉሯ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ የቻርጀሩን ቀዳዳ ቆረቆረችው። ጥጥ ወጣ። እንደገና ቆረቆረችው። እንደገና ጥጥ ወጣ።

«እትዬ፣ ስልኩን ከነጠላዎ ጋር ነው የሚቋጥሩት?»

«አዎ፣ ጫፉ ላይ።»

«የነጠላዎ ጥጥ ነው የደፈነው። ስልክዎ ምንም አልሆነም። አንዱንም አይግዙ።»

ቻርጀሩን ሰካችው። ስልኩ በራ። እትዬ አልጋነሽ ስልኩን አዩት፣ እልፍነሽን አዩ፣ ሦስቱን አዲስ ስልኮች አዩ፤ ከዚያ ሶፋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አይግዙ! ሠላሳ ዓመት ስነግድ በዚህ ቤት ‹አይግዙ› የሚል ሰው ዛሬ ገና ሰማሁ! ነይ፣ ግንባርሽን ልሳምሽ!» ሳሟትና ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ።

እንግዲህ ያዙኝ ልቀቁኝ! እትዬ አልጋነሽ ሰጡ፣ ሣጥኑ ተከፈተ፤ ሣጥኑ ሲከፈት ጸዳለ ማኅተሙን ጧ! አደረገችው፤ ማኅተሙን ሲያይ አቶ ሰይፉ ፈረመ፤ ፊርማውን ስታይ ንግሥት ሹራቧን ጥላ ከፈተች። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ያልተከፈተ ካርቶን ስትስብ ካርቶኑ ተቀደደና ገመድ፣ ገመድ፣ ገመድ እራሷ ላይ ዘነበ! ለካ ኮምፒውተሮቹ በአንድ ካርቶን፣ ገመዶቹ በሌላ ካርቶን ነው የመጡት፤ ኮምፒውተሮቹ ተሸጡ፣ ገመዶቹን የጠየቀ የለም። ንግሥት ከገመዱ ሥር ሆና ቁጥሩን አነበበች፤ ባይሳ ጻፈ፤ ኪሩቤልም አንብቦ ቀለሙ ተለወጠ።

«እልፍዬ» አለ፣ «ከቅዳሜ ጀምሮ አሥራ አንድ ደንበኛ ደውሎልኛል። ዋጋ ቀንስ ሊሉኝ መስሎኝ አንድም አላነሣሁ።»

«ሁሉም ኮምፒውተር ገዝተዋል?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው ሁሉም ጨለማ ውስጥ ናቸዋ!» አለች እልፍነሽ።

ኪሩቤል ካርቶኑን ከነቅዳጁ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ ወረወረው፣ እልፍነሽን አሳፍሮ ነዳው። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ለስድስት አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ሲስተር ወለላ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ ፊቷን አለማየት ነው የሚሻለው።

እልፍነሽ ገመዷን ሰካች። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጫነች።

ገመድ ገባ፣ ኮምፒውተር በራ፤ ኮምፒውተር በራ፣ ካርድ ወጣ፤ ካርድ ወጣ፣ ስም ተጠራ! መንታዎቿን አንዱን በጀርባ አንዱን በደረት ያዘለች እናት የመጀመሪያዋ ሆና ገባች፤ ከኋላዋ ሰልፉ ነቅነቅ አለ፣ እልልታውም እስከ አስፋልቱ ተቀባበለ። ሲስተር ወለላ የመጋዘኑን ቁልፍ ቀስ አድርጋ ኪሷ ከተተችና «ቀጥዪ እንጂ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለቻት። እልፍነሽ ግን ጠዋት የዋጠችውን እንባ አሁን እየሳቀች አፈሰሰችው።

በሩ ላይ የኪሩቤል ስልክ ጮኸ። አሥራ ሁለተኛው ደንበኛ ነው። ኪሩቤል ስልኩን አነሣ፣ አፉን ከፈተ፣ ካሜራውና ጥቅሉ ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጡበት። መልሶ ዋጣቸው።

«ምን ጎደለዎት?» አለ፤ ከዚያም ዝም ብሎ አዳመጠ።

የኔ ወሬ እዚህ ላይ ተነቀለ፤ የሰማ ለጎረቤቱ ያድርስ፣ ያልሰማ ሰልፍ ይያዝ።