እመት በቅሎና ከማዶ የመጡት በሬዎች

ተረት ተረቴ፤ ጆሮ ያላችሁ ወዲህ ቅረቡልኝ።

በአንድ ለምለም ሜዳ ፈረስ፣ በቅሎና ሌሎች እንስሳት ማኅበር መሥርተው ሣሩንም ምንጩንም በጋራ፣ የእርሻ ማሳውን ግን በየግላቸው ይዘው ይኖሩ ነበር። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ለሁሉም እኩል ገለባ የሚሰፈርበት ታላቅ በረት ነበረ። እኩል ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ እኩል የነበረው ረሃቡ ነው። በረቱ በፈረሰ ጊዜ ሁለት ወንድማማች ከሲታ በሬዎች ወንዙን ተሻግረው፣ «ማኅበርተኛ አድርጉን» ብለው ለመኑ።

ፈረስ ለጋስ ነበርና፣ «ይግቡ፤ እስኪጠነክሩም ከጋራው ሣር ይብሉ» አለ።

ቀናተኛዋ በቅሎ ጆሮዋን አቆመች። «አያ ፈረስ፣ ለእኔ ማን ሣር አጨደልኝ? ይግቡ ካሉ ይግቡ፤ የእኔን መሬት ግን እንዳይረግጡ!»

«እንዳሉ፣ እመት በቅሎ» አለ ታላቁ በሬ። ጥቂት እንደ ጠነከሩም የፈረስን ማሳ ማረስ ጀመሩ።

በመጀመሪያው ዓመት የፈረስ ጎተራ በገብስ ሞላ። የለም፣ ተሳስቻለሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሣሩ ተመናምኖ ሁሉም ተቸግረው ነበር፤ ጎተራው የሞላው በሁለተኛው ነው። በሬዎቹም ሻኛ አወጡ። የበቅሎን መሬት ግን አረም ዋጠው። እርሷም በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አንዴ ገብሱን፣ አንዴ ሻኛውን ስታይ ትውል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የበሬዎቹ ዘመዶች መጥተው ደጅ ጠኑ። ማኅበሩ ተሰበሰበ። ፈረስ አፉን ሳይከፍት በቅሎ ብድግ አለች።

«ይግቡ እንጂ!» አለች። «ነገር ግን ሁሉም ወደ እኔ ማሳ ነው የሚመጡት፤ ለአያ ፈረስ አንድም እንዳይሰጠው!»

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ የሳትኩትን አርሙልኝ።