ሁለት ምስማርና የሰው ግድግዳ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። ላሟ በረት አላት። እኔ የማወራችሁ በረት ስለሌላት ልጅ ነው።

ስሟ ትርንጎ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ከወይኒቱና ከአጎቷ ከጥላሁን ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ትኖራለች። እናቷ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበችው ትርንጎን አዝላ ነበር። እጣው እስከ ዛሬ አልወጣም፤ እነሱ ግን ከአምስት ቤት ወጥተዋል።

ትርንጎ የፈለገችው ቤት አልነበረም። መጋረጃ ብቻ ነበር። ጠዋት ልብሷን ስትቀይር አጎቷ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል።

«ጨረስሽ?»

«ገና ነው ጋሼ።»

«አሁንስ?»

«ኧረ ገና!»

አንድ ቀን ስትጣደፍ ቀሚሷን ገልብጣ ለብሳ ሄደች። የክፍሏ ተማሪ በሙሉ ሳቀባት። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት እንቢ አለች። መጋረጃ ከሌለ አልቀይርም፤ ካልቀየርኩ አልሄድም አለች።

እናቷ አሮጌ አንሶላ ሰጠቻት። «ጋርደኝ» አለችው ትርንጎ። «ምን ላይ ሆኜ? ሲባጎ አምጪ» አለ አንሶላው። ሲባጎ አመጣች። «ማን ይዞኝ? ምስማር አምጪ» አለ ሲባጎው። ጥላሁን የሰው ቤት ሲገነባ የሚውል የቀን ሠራተኛ ነውና ሁለት ምስማር ለምኖ አመጣላት። «እኛ ምን ገዶን፤ ግድግዳው ይዋጠን» አሉ ምስማሮቹ።

«ዋጣቸው» አለችው ግድግዳውን።

«አልውጥም። የሰው ነኝ።»

«እናቴ በየወሩ ትከፍልልህ የለም እንዴ?»

«ትከፍላለች፤ አልገዛችኝም። የገዛችኝ ዕለት አፌን እከፍታለሁ። እስከዚያ እትዬ ዘርፌ ይፍቀዱ።»

ግድግዳው ምስማር አይውጥም፣ ምስማሩ ሲባጎ አይዝም፣ ሲባጎው አንሶላ አይሸከምም፣ አንሶላው ትርንጎን አይጋርድም።

እትዬ ዘርፌ አከራያቸው ናቸው። በረንዳቸው ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ። ትርንጎ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች።

«እትዬ፣ ሁለት ምስማር...»

«ምን? አይሰማኝም፤ ጮክ በይ!»

«ለመጋረጃ...»

«ዛሬ መጋረጃ፣ ነገ በር! እናትሽ ስትገባ ሁለት ነን አለች፤ ሦስት ሆናችሁ። አሁን ደግሞ ከነምስማሩ አምስት ልትሆኑ ነው?»

ትርንጎ ልትመለስ ስትል ሴትዮዋ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለማንም እንዳታወሪ። ቤቱ የኔ አይደለም። ከጋሽ ምንተስኖት ተከራይቼ ነው የማከራያችሁ። ግድግዳው ቢሰነጠቅ የምባረረው እኔ ነኝ። እሳቸው ይፍቀዱ።»

አከራይና ተከራይ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ለካ እትዬ ዘርፌ ሁለቱንም ፊደል ይዘው ነው የሚኖሩት። ትርንጎ አራት ዓመት ሙሉ በከንቱ ስትፈራቸው ኖራለች።

እትዬ ዘርፌ ግድግዳውን አያዙም፣ ግድግዳው ምስማር አይውጥም፣ ምስማሩ ሲባጎ አይዝም፣ ሲባጎው አንሶላ አይሸከምም፣ አንሶላው ትርንጎን አይጋርድም።

ጋሽ ምንተስኖት ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስኳር ሊገዛ የቆመ ሰውዬ ሳቀ፦ «ምንተስኖት ተብሎ ምስማር ይሳነዋል?»

«ስሜ ነው እንጂ እኔማ ተስኖኛል» አሉ። «ቤቱ የመንግሥት ነው ልጄ። እኔም ተከራይ ነኝ። ሰው ማስገባቴ ከታወቀ ይነጥቁኛል። ወረዳ ሄደሽ የቤቶች ኃላፊውን ጠይቂ። ስሜን ግን እንዳትጠሪ!»

ጋሽ ምንተስኖት እትዬ ዘርፌን አያዙም፣ እትዬ ዘርፌ ግድግዳውን አያዙም፣ ግድግዳው ምስማር አይውጥም፣ ምስማሩ ሲባጎ አይዝም፣ ሲባጎው አንሶላ አይሸከምም፣ አንሶላው ትርንጎን አይጋርድም።

ትርንጎ ወረዳ ሦስት ቀን ደጅ ጠናች። በሦስተኛው ቀን ገባች። ኃላፊው ቀና አላሉም።

«የትኛው ግድግዳ ነው?»

«ወንዙ ዳር ያለው፣ ጭቃው።»

ይሄኔ ቀና አሉ። አዩዋት። ዓይናቸውን መለሱ። «እሱ ላይ እኔ ቃል የለኝም። ወረቀቱ ይናገር።»

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። «ያለ ማህተም አፍ የለኝም» አለ። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። «እኔ ምን ላድርግ፤ ቁልፌ ስብሰባ ላይ ነው» አለ ማህተሙ።

ቁልፉ ከስብሰባ አይወጣም፣ ማህተሙ ከመሳቢያ አይወጣም፣ ወረቀቱ አይናገርም፣ ኃላፊው ጋሽ ምንተስኖትን አያዙም፣ ጋሽ ምንተስኖት እትዬ ዘርፌን አያዙም፣ እትዬ ዘርፌ ግድግዳውን አያዙም፣ ግድግዳው ምስማር አይውጥም፣ ምስማሩ ሲባጎ አይዝም፣ ሲባጎው አንሶላ አይሸከምም፣ አንሶላው ትርንጎን አይጋርድም።

«እስከ ዛሬ የከፈልኩት ኪራይ ቢጠራቀም አንድ ግድግዳ አያጣም ነበር» አለች እናቷ። «የት እንደቆመ እንጃ እንጂ፣ አንድ ግድግዳስ አለኝ።»

«እኔ ዘንድሮ ብቻ አርባ ግድግዳ አቁሜያለሁ» አለ ጥላሁን። «አንዱም ሰላም አይለኝም።»

ሰኞ ዕለት ስብሰባው አለቀ። ቁልፉ መጣ። ቁልፉ መሳቢያውን ከፈተ፣ ማህተሙ ወረቀቱን ዷ አድርጎ መታው፣ ወረቀቱ ለኃላፊው ተናገረ፣ ኃላፊው ለጋሽ ምንተስኖት ተናገሩ፣ ጋሽ ምንተስኖት ለእትዬ ዘርፌ ተናገሩ፣ እትዬ ዘርፌም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

«ምቺ የኔ ልጅ» አሉ። «ሁለት አይደለም፣ መቶ ምቺ።»

«ተፈቀደ እትዬ?»

«ይፈርሳል። የወንዙ ዳር ቤት በሙሉ ይፈርሳል። በአሥራ አምስት ቀን ውጡ ተብለናል።»

«እርስዎስ ቤት?»

«የቱ ቤቴ?» አሉ።

ግድግዳው አፉን ከፈተ። ምስማሩን ዋጠ። ምስማሩ ሲባጎውን ያዘ፣ ሲባጎው አንሶላውን ተሸከመ፣ አንሶላው ትርንጎን ጋረደ።

እናቷና አጎቷ ደላላ ፍለጋ ወጡ። ትርንጎ አንሶላው ጀርባ ቆማ ቀሚሷን ቀየረች። የቀሚሱን ቁልፎች አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ቆለፈች። «ጨረስሽ?» የሚል አልነበረም።

ከውጭ የእግር ድምፅ መጣ። እትዬ ዘርፌ ነበሩ። ሌላ ጊዜ በሩን ሳያንኳኩ በርግደው ነበር የሚገቡት። አሁን ግን በሩን ቀስ ብለው ከፍተው አንሶላው ፊት ቆሙ።

«ትርንጎ፣ ልግባ?»

ትርንጎ ፈቃድ ስትጠይቅ እንጂ ስትጠየቅ ኖራ አታውቅም። ማንን እንደምትጠይቅ አሰበች፤ ማንም አልነበረም።

«ግቢው ሰው ሞልቶታል» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ሰው ሳያየኝ ትንሽ ላልቅስ ብዬ ነው።»

«ይግቡ» አለች ትርንጎ፣ አንሶላውንም ገለጥ አደረገችላቸው።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ አብሱ አልልም፤ ትርፍ ግድግዳ ያለው ግን አንድ ያውሰኝ።