እሾሁን በክራር የለወጠው ጃርት

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ፤ ተረት መጣች።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳ ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚግባባበት፣ ዕቃም ሲነኩት በሚመልስበት ጊዜ፣ ከወንዝ ማዶ ገደል ሥር አንድ ጃርት ይኖር ነበር። ሥራው ክራር መምታት ነው። ሠርግ ሲኖር ይጠሩታል፤ ክርስትና ሲኖር ይጠሩታል፤ ጠሪ ሲጠፋም ራሱን ጠርቶ ይሄዳል። ከጀርባው አንድ እሾህ ይመዝና ጅማቱን በእሱ ይመታል። አገሩ ሁሉ አያ ጃርቴ ይለዋል።

አያ ጃርቴ ከአባቱ የወረሰው አንድ ክራር ነበረው። ክራሩ ምንም አልጎደለውም። ቅኝቱ አይወርድ፣ ቆዳው አልተቀደደ፣ ድምፁም ደህና ነው። አያ ጃርቴም በዚህ ክራር የሚጫወተው አንድ ዘፈን ነበረው። ሠርግ ላይ ፈጠን አድርጎ ይጫወተዋል፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ ዝግ አድርጎ ይጫወተዋል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ኑሮውን ይገፋ ነበር።

አንድ ቀን ጨው ሊገዛ ገበያ ወጣ። ከሾላው ዛፍ ሥር እመት ጦጣ ክራር ደርድራ ትሸጣለች። አያ ጃርቴ አይቶ ሊያልፍ ብቻ ቆመ። አይቶ ሊያልፍ የቆመ ሰው መቼ አልፎ ያውቃል? ከተደረደሩት መካከል ቀይ ቀለም የተቀባች፣ አንገቷ ላይ ዶቃ ያሰረች አንዲት ክራር ነበረች። ክራሯም አየችውና ድምፅዋን አለስልሳ፣ "እንዲህ ያለ ጣት አሮጌ ክራር ላይ ሲያልቅ ያሳዝናል" አለችው።

አያ ጃርቴ ጣቶቹን አገላብጦ አያቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጣት እንዳለው እንኳ ልብ ብሎ አያውቅም ነበር። እመት ጦጣ ደግሞ ከወዲያ ሆና፣ ዝሆን ትናንት አይቷት ልቡ እንደቀረ፣ ዛሬ ሳይመለስ እንደማይቀር፣ እሷ ግን ለሚያውቅበት ብትሰጥ እንደምትመርጥ ነገረችው። ዋጋዋም ያን ያህል አልነበረም፤ አንድ ቅርጫት ጎደሬ ብቻ። አያ ጃርቴ ጨውን ረሳና ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ጎደሬውን ተሸክሞ ተመለሰ።

ሚስቱ እመት ጃርት ቀይዋን ክራር ባየች ጊዜ፣ የዱሮው ምን ሆነ ብላ ጠየቀችው። ምንም አልሆነም፣ እሱ ለሠርግ ነው፣ ይቺ ደግሞ ለልምምድ ናት አላት። እሷም በዚያ ማታ ጎመን ያለ ጎደሬ አቀረበች።

አያ ጃርቴ ቀይዋን ክራር ለጥቂት ቀን አቅፏት ዋለ። ያችኑ ዘፈኑን ተጫወተባት፤ ዘፈኗም አዲስ መሰለችው። ከዚያ በኋላ እያደር ዘፈኗ ያችው የዱሮዋ ሆነች። ጥፋቱ የክራሯ ነው ብሎ አሰበ። ለቤት ጥሩ ናት፤ ለሜዳ ግን ድምፅ ያንሳታል። የሚያስፈልገው ትልቅ ክራር ነው። ይህን ካገኘ ሌላ አይፈልግም።

ሚስቱ እህቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ቀን ገበያ ወረደ። እመት ጦጣም የሚመጣ መሆኑን የምታውቅ ይመስል፣ ገበቴው እንደ ጋን የሰፋ ክራር አውጥታ ጠበቀችው። ይህ ሆደ ሰፊው ነው። ሆደ ሰፊው በጎርናና ድምፁ፣ እሱን የያዘ ሰው ከዚህ ሲዘፍን ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጨፍር ነገረው። አያ ጃርቴ ወንዝ ማዶ ያለው ሰው ሲጨፍር በዓይነ ሕሊናው ታየውና፣ ለክረምት ተቆፍሮ ጉድጓድ የገባውን ድንች አውጥቶ ሰጠ።

እመት ጃርት ተመልሳ ጉድጓዱን ከፈተችው። ባዶ ነው።

"ድንቹስ?" አለች።

"ይኸውልሽ" አለ ሆደ ሰፊውን እያሳየ።

ክራሩን ዙሪያውን አየችው። "እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜ ቢቀቀል ይበስላል?" አለችና ቅርጫቷን አንሥታ፣ ከፍልፈል ቤት ሥራሥር ልትበደር ወጣች። አያ ጃርቴም አፈረ። አፍሮ አፍሮ ሲያበቃ ክራሩን አወረደና ያችኑ ዘፈን ተጫወተ።

ሆደ ሰፊውም እንደ ቀይዋ ሆነ፤ ከሰነበተ በኋላ ጥፋት ተገኘበት። ድምፁ ትልቅ ነው እንጂ ለዛ የለውም ተባለ። ለዛ ያለው ክራር ግን አለ፤ አያ ጃርቴ ገበያ ላይ አይቶታል። ክንዶቹ ከአጋዘን ቀንድ የተሠሩ፣ ጥቁር፣ ዝምተኛ ክራር። ይህ ባለቀንዱ ሲሸጥ እንደ ሌሎቹ አላባበለም። አያ ጃርቴን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "አንተ እኔን አትችለኝም" ብቻ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ጃርቴ እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልተኛ አለ።

ነገር ግን የሚሰጠው ነገር አልቆ ነበር። ይህንንም ለእመት ጦጣ አልደበቃትም። እሷም አገጯን ይዛ ዐሰበችና፣ መቼም ለወዳጅ የማይደረግ የለም፣ እኔ የምሸጠው መርፌ አጥቻለሁ፣ ጀርባህ ላይ ያለው እሾህ ይበቃኛል አለችው።

አያ ጃርቴ ትንሽ አቅማማ። ከዚያ ተንበረከከላት። የመጀመሪያው እሾህ ሲነቀል አመመው። ሁለተኛው ሲነቀልም አመመው። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ባለቀንዱ ላይ ስለነበረ አልተሰማውም። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰውነቱ ቅልል አለው፤ ነፋሱ ጀርባው ላይ ሲነፍስ ግን ብርድ ብርድ ይለው ነበር።

በሩን ገፍቶ ሲገባ እመት ጃርት ትልቅ አይጥ የገባ መስሏት በመጥረጊያ መታችው። ባሏ መሆኑን ስታውቅ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ተቀመጠችና አለቀሰች።

"ጎደሬው የአንተ ነበር ልበል፤ ድንቹም የአንተ ነበር ልበል" አለችው። "እሾሁ ግን የአንተ ብቻ አልነበረም። እኔና ልጆችህ ከእሱ ኋላ ነው የምንተኛው።"

አያ ጃርቴ ባለቀንዱን ከሌሎቹ አጠገብ ሰቀለው። ክራሮቹም ግድግዳው ላይ ሆነው መናከስ ጀመሩ። ቀይዋ ሆደ ሰፊውን ጋን ትለዋለች፤ ሆደ ሰፊው ቀይዋን ባለጌ ቀለም ይላታል፤ ባለቀንዱ ሁለቱንም አያናግራቸውም። የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር፣ የሚመጣው ሠርግ ላይ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን መሄድ እንዳለባቸው ነው።

ሠርጉም መጣ። ወይዘሮ ሚዳቋ ልጇን ዳረችና አገሩን ሁሉ ጠራች፤ ጅብም ጎረቤት ነውና ሳይቀር ተጠራ። በዚያ አገር ደግሞ አንድ ደንብ ነበር፦ ሠርግ ቤት ውስጥ ዘፈን እስካለ ድረስ ማንም ማንንም አይበላም። ስለዚህ አዝማሪው ከሙሽራዋ ይልቅ ይከበር ነበር።

አያ ጃርቴ ባዶ ጀርባውን በጋቢ ሸፍኖ፣ የአባቱን ክራር ቤት ትቶ፣ ከአዲሶቹ የትኛውን እንደሚመርጥ ቢቸግረው ሦስቱንም ተሸክሞ ደረሰ። ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች። መጀመሪያ ቀይዋን አነሣና፣ የሚመታበት እሾህ የለውምና በጣቱ ዘፈኑን ጀመረ። ድንኳኑ ሞቀ። ጥንቸል ጨፈረች፣ ከርከሮ ጨፈረ፣ አያ ጅቦም ቆሞ እስክስታ መታ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሌላ ጨምር አሉት። ሆደ ሰፊውን አነሣ። ክራሩ ሌላ ነው፤ ጣቶቹ ግን የሚያውቁትን መንገድ ይዘው ሄዱ። ያችው ዘፈን፣ ድምጿ ጨምሮ መጣች። ጥንቸል ተቀመጠች። አሁንም ሌላ ጨምር አሉት። ባለቀንዱን አነሣ። ያችው ዘፈን፣ ድምጿ ቀንሶ መጣች። ከርከሮም ተቀመጠ።

አያ ጅቦ ግን አልተቀመጠም። እጁን አነሣና ከአባ ኤሊ ፊት ቀረበ፤ አባ ኤሊ የአገሩ ዳኛ ናቸው። ጅቡም አቤቱታ አለኝ አለ። ደንቡ ዘፈን እስካለ አትብላ ይላል፤ እኔም ደንብ አክባሪ ነኝ፤ ነገር ግን የተደጋገመ ዘፈን ዘፈን ይባላል ወይ ብሎ ጠየቀ።

አባ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ዐሰቡ። ቆይተው አወጡትና ፈረዱ፦ "አንዴ ሲዘፈን ዘፈን ነው። ሲደገም ልማድ ነው። ሲሠለስ ግን ዝምታ ነው።"

አያ ጅቦ እጅ ነሥቶ አመሰገነ።

አያ ጃርቴ ደነገጠና ወደ ክራሮቹ ዞረ፤ አንዱ እንኳ ሌላ ዘፈን ያውቅ እንደሆነ ለመናቸው። እነሱ ግን ጠብ ላይ ነበሩ። ቀይዋ፣ ይሄ ጋን ነው ሠርጉን ያቀዘቀዘው አለች። ሆደ ሰፊው ገፋት። እሷ ባለቀንዱ ላይ ወደቀች። ባለቀንዱ በቀንዱ መለሰላት። ተያይዘው ተንከባለሉ፤ ጅማቱ ጧ፣ ጧ እያለ ተበጠሰ። አያ ጃርቴ ሊገላግላቸው ሲያጎነብስ ጋቢው ከጀርባው ተንሸራቶ ወደቀ።

ጃርት ያለ እሾህ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አያ ጅቦ ዘመኑን ሁሉ ጃርት በልቶ አያውቅም፤ እሾሁ ነበር የሚከለክለው። አሁን ከአፉ ምራቁ እየተንጠባጠበ፣ በጣም በትሕትና፣ እሾህህን ምን ነካው ብሎ ጠየቀና ጠጋ አለ።

በዚህ ጊዜ ከሴቶቹ መካከል እመት ጃርት ተነሣች። ማንንም ሳታይ መጥታ ጀርባዋን ለጅቡ ሰጥታ ከባሏ ጋር ፊት ለፊት ቆመች፤ እሾኋን ሁሉ አቆመችው። አያ ጅቦም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ዝፈን" አለችው ባሏን ቀስ ብላ። "እኔ ብዙ አልይዘውም።"

"ዘፈኔ አልቋል" አላት።

"እንግዲያው የሆንከውን ተናገር።"

አያ ጃርቴ ከወደቁት ክራሮች አንዱን አነሣ። የትኛው እንደሆነም አላየም። ሁለት ጅማት ብቻ ቀርቶታል፤ በሁለት ጅማት ያች የዱሮ ዘፈን አትወጣም፣ ቢፈልግም አይችላትም። ሁለቱን ጅማት ነካ ነካ አደረገና እንዲህ አለ፦

ጎደሬውን በልታ ጦጣ ወፈረች፣
ክራሯ ግድግዳ ተሰቅላ ቀረች።

ጥንቸል ፊቷን ሸፍና ሳቀች። አያ ጃርቴ ሳቋን ሰማና ቀጠለ፦

ድንቼን አስረክቤ ሆደ ሰፊ ይዤ፣
ቤት ገባሁ በባዶ በረሃብ ፈዝዤ።

ከርከሮ ሳቀ። እሱም ከእመት ጦጣ ፊቱን የሚያይበት መስታወት ገዝቶ፣ ካየው በኋላ ሌላ መስታወት ገዝቶ ነበር። ወይዘሮ ሚዳቋም ሳቀች፤ ቤቷ ውስጥ ያልታሰረ ስንት ዶቃ እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። እመት ጦጣም ስለ ሌላ ሰው የሚዘፈን መስሏት ከሁሉ በላይ ትስቅ ነበር። አያ ጃርቴ ቀና ብሎ አያ ጅቦን አየውና፦

እሾሄን ነቅዬ በቀንድ ብለውጠው፣
አያ ጅቦ መጣ ጀርባዬን ሊውጠው።

አያ ጅቦ ስሙ ሲጠራ ጆሮው ቆመ። ከዚያ ሳቀ። የጅብ ሳቅ ታውቃላችሁ፤ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፣ ተንጋልሎ እግሩን ወደ ላይ አንሥቶ ሳቀ። ሳቁ ጋብ ባለ ቁጥር ራቡ ትዝ ይለውና ይነሣል፤ በተነሣ ቁጥር ደግሞ አያ ጃርቴ ሌላ ስንኝ ይፈጥርለታል። ስለ ሚስቱ መጥረጊያ ዘፈነ፤ ስለ ወንዝ ማዶው ጨፋሪ ዘፈነ፤ ስለ አባ ኤሊ ፍርድ ዘፈነ። የዘፈነውንም አልደገመም፤ መድገም ምን እንደሚያመጣ ያውቃልና። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሙሽራዋ ተሸኘች፣ እንግዳውም ተበተነ። አያ ጅቦ ጎኑ እስኪወጋው ስቆ ስለነበረ ማኘክ አቅቶት፣ የሚቀጥለው ሠርግ የት እንደሆነ ጠይቆ ወደ ጫካው ገባ።

ባልና ሚስቱም ወደ ቤታቸው ሄዱ። መንገድ ላይ እመት ጃርት፣ ስለ መጥረጊያው የዘፈንከው አላስደሰተኝም አለችው። ከዚያ ግን እሷም ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የአያ ጃርቴ እሾህ ቀስ በቀስ በቀለ። በቅሎ ሲያበቃ ጨው ሊገዛ ገበያ ወጣ፤ እግሩም ሳያዘው ሾላው ሥር አደረሰው። እመት ጦጣ ገና ዛሬ የተጠናቀቀች፣ ቆዳዋ ያልደረቀ ክራር ይዛለች። ዋጋዋም ርካሽ ነው። አያ ጃርቴ ልቡ ድንግጥ አለ። ጀርባውን ዳሰሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክራሯን፣ "አንቺ ስንት ዘፈን ታውቂያለሽ?" ብሎ ጠየቃት።

ክራሯ ልጅ ናት፤ መሸጥ ገና አልተማረችም። "አንተ የምታውቀውን ያህል" አለችው።

እመት ጦጣ ክራሯን አፏ ላይ ብትመታትም ቃሉ ወጥቶ ነበር። አያ ጃርቴ ጨውን ገዛና፣ እግረ መንገዱን ስንኝ እየቆጠረ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔም ከዚህ ወዲያ ጅማቴ አልቋል። የሰማ ለልጁ ይንገር፤ ያልሰማም እንዲህ ይበል፦ ክራር ቢበዛ ግድግዳ ይሞላል፣ ሠርግ የሚሞላው ግን የባለክራሩ ዘፈን ነው።