የነገረ ፈጁ ዋስ

አንድ ስመ ጥር ነገረ ፈጅ ነበር፤ ባይለየኝ ይባላል። ሸንጎ በሚውልበት ዋርካ ሥር እሱ የሚሟገት ቀን፣ ሰው ሥራውን ጥሎ ሊሰማው ይጎርፋል። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ወደ ባላጋራው ቀስሮ «በላ ልበልሃ!» ሲል ዳኛው እንኳ ሳይቀሩ ወደ ፊት ዘንበል ይሉ ነበር። በዚያ አገር ልማድ ተሟጋች ሁሉ ከጎኑ የሚቆምለት ዋስ መጥራት አለበት። ባይለየኝም ያለ ዋስ የተነሣ ሰው ካየ «ሸንጎ ላይ ብቻውን የሚቆም ሞኝ ነው» እያለ ያሾፍበታል።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ያውም በቀላል ሙግት መካከል፣ ልቡ ድንገት ይደልቅ ጀመር። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ትንፋሽ አጠረው፤ ላብ አጠመቀው። ምድር ከእግሩ ሥር የከዳችው መሰለውና «አለቀልኝ፣ መሞቴ ነው» አለ በሆዱ። ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ወጥቶ ከአንድ አጥር ተደግፎ ቆየ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀው። በሳምንቱ ግን ደገመው፤ ከዚያም ሠለሰው። እየዋለ እያደረ ከሕመሙ ይልቅ «ዛሬ ይመጣብኝ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ያንገላታው ጀመር። ዋርካውን በሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሚስቱ የሻረግ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ምንም» ይላታል።

ይሄኔ የምንጩ ነገር መጣ። አንድ ባለጸጋ «የመንደሩ ምንጭ ያለው በርስቴ ውስጥ ነው» ብሎ ከሰሰ። ሙግቱ ከአንድ ወር በኋላ እንዲታይ ተቀጠረ። መንደሩ ከተረታ ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ቁልቁል መውረድ ሊኖርበት ነው። ሰው ተሰብስቦ ወደ ባይለየኝ ደጅ መጣ።

«አንተ ካልቆምክልን ማን ይቆምልናል?» አሉት።

«አይመቸኝም» አለ ዓይኑን ሰብሮ።

ሰው ተቆጣ። ከባለጸጋው ጋር አብሯል፣ ከዳን ተባለ። እሱም አላስተባበለም። ጉድ እኮ ነው! «ፈራ» ከሚባል «ከዳ» ቢባል መረጠ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ሸንጎ ላይ ተርቶታል፤ ለራሱ ሲሆን ግን ረሳው።

ቢሆንም ያ ስም ውስጡን አንገበገበው። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳያየው ወንዝ ተሻግሮ ወደ አንዲት አዛውንት ሐኪም ሄደ። እማማ ዘነቡ እጁን ይዘው የልቡን ምት ቆጠሩ። ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ጣል አድርገው አዳመጡ። መቼ እንደጀመረው፣ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ፣ ከሸንጎው መሸሽ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቁት። ጨርሰው ፈገግ አሉ።

«ልብህ ደህና ነው ልጄ። ይህ ድንገት የሚነሣ የድንጋጤ ሕመም ነው። ምንም አደጋ ሳይኖር ሰውነትህ የድረሱልኝ ጩኸት ይጮኻል። ክፉኛ ያስጨንቃል እንጂ ይህ አይገድልህም። ደግሞም ይታከማል።»

ባይለየኝ ከበርጩማው ብድግ አለ። «እውነትዎን ነው? ሌላም ሰው ያመዋል እንዴ?»

«ኧረ ስንቱን! ከጦር ሜዳ ሸሽቶ የማያውቅ ወታደር እዚሁ አንተ የተቀመጥክበት ላይ ተቀምጦ አልቅሷል።»

ትንፋሹን ቀስ አድርጎ ማስወጣትን አስተማሩት። ሕመሙ ሲመጣ እንዳይሮጥ፣ ወደ ዋርካውም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዲጠጋ፣ በየሳምንቱም እየመጣ እንዲያጫውታቸው መከሩት። ሊወጣ ሲል ግን አስቆሙት።

«ለመሆኑ ዋስህ ማነው?»

«የምን ዋስ?»

«የሕመምህ ነዋ! ሰውን ሁሉ ያለ ዋስ አትቁም የምትል አንተ አይደለህ? ይህን ሁሉ ጊዜ ከዚህ ነገር ጋር ስትሟገት ከጎንህ ማን ነበር?»

ያ አንደበተ ርቱዕ ሰው ዘንጉን አንሥቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

ቤቱ ገብቶ ለየሻረግ ሁሉንም ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እፎይ!» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ሌላ ሴት ይዞብኛል ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ስቃጠል ነበር!» አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። «በል ነገ አብረን ነው የምንሄደው» አለችው። ባይለየኝ ደስ አለው፤ እንደዚያ ቀን የቀለለው ጊዜ አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ባዶው ዋርካ ድረስ አብረው ይሄዱ ጀመር። መጀመሪያ እስከ መንገዱ መታጠፊያ፣ ቀጥሎ እስከ ጥላው ጫፍ። አንዳንድ ቀን ሕመሙ ይመጣበታል። የሻረግ «ወንድ ልጅ አይደለህ!» አትለውም፤ አብራው ትተነፍሳለች እንጂ። በሁለተኛው ሳምንት የመንደሩን ሰው ጠርቶ «እቆምላችኋለሁ» አላቸው።

የሸንጎው ቀን ደረሰ። ሰው እንደ ጉድ ወጣ፤ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለም ነበር። የባለጸጋው ነገረ ፈጅ ጓንጉል አገሩን በድምፁ አናወጠው። የባይለየኝ ተራ ሲደርስ ዳኛው «ዋስህን ጥራ» አሉት።

«የሻረግ ባለቤቴ» አለ።

ሴት ዋስ ታይታ አታውቅምና ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን ነጠላዋን አጥብቃ አሥራ ከጎኑ ቆመች። ባይለየኝ ጀመረ። ገና ሦስተኛው ቃል ላይ ሕመሙ ከተፍ አለ! ልቡ ደለቀ፣ ዘንጉ በእጁ ተንቀጠቀጠ፣ እግሩ ሩጥ ሩጥ አለው። ወደ ሚስቱ ዞረ። ቀስ ብላ ስትተነፍስ አያት።

«ጌታዬ» አለ ሁሉ እየሰማው፣ «ድንገት የሚያስጨንቅ ሕመም አለብኝ። እየታከምኩ ነው። ያልፋል፤ ጥቂት ልተንፍስ።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሸንጎ የተቀመጠው ሰውን ሊሰማ ነው። ተንፍስ» አሉ።

ተነፈሰ። ሕመሙ ወጣ፣ ከፍ አለ፣ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። ወረደ! ባይለየኝም ዘንጉን አነሣ። ምንጩን ማን እንደቆፈረ፣ ድንጋዩን ማን እንደካበ፣ በድርቁ ዘመን ባለጸጋው ራሱ ማንን አስፈቅዶ እንደቀዳ ዘረዘረ። ባለጸጋው አንገቱን ደፋ። ምንጩ ለመንደሩ ተፈረደ፤ እልልታው ወንዝ ማዶ ተሰማ።

በዚያ ግርግር መካከል ጓንጉል ሰዉን እየገፋ ወደ ባይለየኝ መጣ። ጠብ የፈለገ መስሏቸው ጎረምሶች ከበቡት። እሱ ግን የባይለየኝን ክንድ ይዞ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጆሮው ሥር ጠጋ አለ።

«የሐኪሟ ቤት በየት በኩል ነው?» አለው።

ወዳጆቼ፣ ድንገት ልብን የሚያርድ ጭንቀት ሕመም እንጂ ፈሪነት አይደለም፤ ሐኪም አለው፣ መዳኛም አለው። ሕመሙን ደፍሮ የተናገረ ሰው ለራሱ ብቻ አይናገርም፤ አጠገቡ ቆሞ ለሚደብቀውም በር ይከፍትለታል። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ እናንተ «ምንም አልሆንኩም» የምትሉት ማንን ፈርታችሁ ነው?