የሙሽራ መኪና ሹፌርና ዝም ያለችው ሚዜ

አንድ የሙሽራ መኪና ሹፌር ነበር። ይርዳው ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሽሮችን ሲያመላልስ፣ መኪና ይዞ አንዲት ጠብታ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም።

አንድ እሑድ ሙሽሮቹን ድንኳኑ ደጃፍ አድርሶ ምሳ ቀረበለት። አንዲት ሚዜ በብርሌ ጠጅ ይዛ መጣች። ይህች ሚዜ ማን እንደሆነች መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ አሁን አፍራለሁ።

«ጋሼ፣ ይቺን ብቻ።»

«መኪና ይዣለሁ፣ ልጄ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ ተይኝ፣ እንጀራዬ ነው።»

«ሠርጋችንን ንቀው ነው? በሞቴ አልኩ!»

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ፤ አጨበጨቡ። ጠጣ። አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት አደረገችው።

አመሻሽ ላይ አበባ የለበሰችው መኪና የሰው አጥር ጥሳ ገባች። የተጎዳ አልነበረም። ትራፊክ ፖሊሱ ትንፋሹን ለካና መንጃ ፈቃዱን ተቀበለው። መኪናዋ ከነሪባኗ ጣቢያው ግቢ ቆመች፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር አበባዋ በፖሊሶቹ ባርኔጣ ላይ ይረግፍ ነበር።

በቀጠሮው ቀን የችሎቱ በር ጠባቂ ይርዳው መጥሪያውን ደጋግሞ ሲያጥፍና ሲዘረጋ አይቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«የመጀመሪያህ ነው?»

«አዎ።»

«አይዞህ። ስምህ ሲጠራ አቤት ብለህ ትቆማለህ። ክሱ ይነበብልሃል። አጥፍተሃል ወይ ትባላለህ። ካመንክ፣ ቅጣት የሚያቀልልህ ነገር ካለ ተናገር ይሉሃል። ያን ጊዜ ነው አፍህን የምትከፍተው። ምስክር ካለህማ ተገላገልክ።»

ሚዜዋ ከኋላቸው ካለው አግዳሚ ላይ ሆና ሁሉን ሰማች። የመጣችው ልትመሰክርለት ነበር።

ችሎቱ ሕልም ይመስል ነበር። የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አቧራውን በአየር ላይ አንሳፍፋዋለች፤ የሰዎቹ ድምፅ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። ሁሉም ነገር በር ጠባቂው እንዳለው ሆነ። ይርዳው ጥፋቱን አመነ።

«ቅጣት የሚያቀልልህ ነገር አለ?» አሉ ዳኛው።

«ለምነውኝ ነበር፣ ጌታዬ። ብርሌውን ያነሳው ግን የኔ እጅ ነው።»

ዳኛው ከወረቀቱ ቀና አሉ። «የለመነህ ሰው እዚህ አለ?»

ይርዳው ወደ ኋላ አልዞረም። የዳኛው ዓይን ግን አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ዞረ። ሚዜዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። አቧራው ተንሳፈፈ። ማንም አልተነሳም።

መንጃ ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ታገደ።

ሲወጣ አጠገቧ ቆም አለ። «አይዞሽ ልጄ፣ እንዳትሞቺብኝ ብዬ ነው የጠጣሁት» አለና ፈገግ አለ። እጁ ቁልፍ ፍለጋ ኪሱ ገባ፤ ባዶውን ወጣ።

ሚዜዋ እኔ ነኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼን «ጮክ ብላችሁ ተናገሩ» እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አውቶብስ ውስጥ አየሁት፣ ተሳፋሪ ሆኖ። አውቶብሱ ቁልቁለት በወረደ ቁጥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይጫን ነበር። እስካሁን በሕልሜ ያንን እግር አየዋለሁ።

በር ጠባቂው ተከሳሹን የሚጠብቀውን ሁሉ ነግሮታል። ጥያቄው ከኋላ ለተቀመጥነውም ሊመጣ እንደሚችል ግን የነገረን የለም። ጠጥቶ የነዳ ሰው አንድ ቀን ቀርቦ ይፈረድበታል፤ ያልቃልም። እምቢ ያለውን ሰው ያጠጣና ዝም ያለ ግን ፍርዱን ሳይሰማ ዕድሜውን ሙሉ በቀጠሮ ይመላለሳል። መኪና የያዘ ሰው «አይሆንም» ሲላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

እናንተስ በዚያ አግዳሚ ላይ ብትሆኑ፣ ስማችሁ ሳይጠራ ትነሱ ነበር?