መኪና የሌለው ሰው የመኪና መግቢያ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ ይርዳው የሚባል ሰው ለቤቴ የመኪና መግቢያ ይፈቀድልኝ ብሎ ማዘጋጃ ቤት አመለከተ። መኪና ግን የለውም። ኧረ ብስክሌት እንኳ የለውም! ዱቄት ፋብሪካ የሚሠራ፣ ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። እንግዲህ ሰፈሩ ምን ይበል? ጠረጠርነው።

ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ ያለው መተላለፊያ በከተማው ፕላን ላይ የእግረኛ ብቻ ነው፤ ባጃጅ እንኳ አያስገባም። መግቢያው ላይ ያለችው ሜዳ ደግሞ ሰው ሲሞት እድራችን ድንኳን የሚተክልባት ናት፤ ሌላ ሜዳ የለንም። የማዘጋጃ ቤቷ ባለሙያ ትርሲት መጥታ ለካች።

«ደንቡ አይፈቅድም። በልዩ ሁኔታ ሊፈቀድ የሚችለው ጎረቤቶችዎ ከፈረሙ ነው። ስፋቱም አንድ ሜትር ይጎድለዋል» አለችው። «ለመሆኑ መኪናው የታለ?»

«ልገዛ ነው» አለ ይርዳው።

ውሸቱን ነው። ፊቱ ያሳብቅበት ነበር።

እውነቱን እኔ ልንገራችሁ። ሚስቱ ዘርፌ የልብ ሕመምተኛ ናት። ሐኪሙ «ሲነሳባት በግማሽ ሰዓት ሆስፒታል ካልደረሰች አትተርፍም» ብሏል። ስለዚህ አምቡላንስ እስከ ደጇ መግባት አለበት። እሷ ግን ባሏን አስምላዋለች። «ሰው እንዳይሰማ! በቁሜ አይለቀስብኝ።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግን መሐላውን የት ይጣለው?

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ስንሻው አልፈርምም አሉ። «መኪና ሳይኖርህ የመኪና መግቢያ? የሙታናችንን ሜዳ ለማን ልትቸረችረው ነው?» በዚህም አላበቁም፤ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈው፣ የእድሩን ማህተም አሳርፈው፣ ራሳቸው ማዘጋጃ ቤት አደረሱት። ጉዳዩ አምስት ወር ተንጠልጥሎ ቀረ። በአምስተኛው ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ይርዳው ሥራ ላይ ሳለ ዘርፌ ደጇ ላይ ወደቀች። ጩኸት ሰምተው ቀድመው የደረሱት ማን ናቸው? ጋሽ ስንሻው! ምን ሆንሽ አላሉም፤ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው አዝለዋት እስከ ዋናው መንገድ ሮጡ። ተረፈች። «ወባ ነው» አለቻቸው። ታዲያ ተቃውሟቸውን አነሱ? ወይ ፍንክች!

የአጥር ተጎራባቿ ብርነሽ ደግሞ ማንም ሳይለምናት ፈረመች። መፈረም ብቻ መሰላችሁ? አጥሯን አስነቅላ የጎደለውን አንድ ሜትር ከራሷ ግቢ ሰጠች። ያለዚያች ሜትር አምቡላንስ አይገባም። «ጎረቤት ለመቼ ነው?» አለች። መሬት በነጻ! እኔ እንዲህ ያለ ደግነት ሲያጋጥመኝ ቶሎ ብዬ ኪሴን እዳብሳለሁ። አልተሳሳትኩም፤ ልጇ ሚኒባስ ሊያመጣ ኖሯል። በይርዳው ፈቃድ ተንጠላጥላ በዚያው መግቢያ በኩል የራሷን በር ለመክፈት ማመልከቻ አስገብታለች። ሚኒባሱ መንገዱን ቢዘጋስ ብለን ጠየቅናት። «ይቆማል እንጂ አያድርም» አለችን።

ሦስተኛው ጎረቤት ሞላልኝ ነው፣ የይርዳው አብሮ አደግ። ምስጢሩ የተነገረው ለእሱ ብቻ ነበር፤ ወንጌል መትቶ ምሏል። በእድሩ ስብሰባ ላይ ጋሽ ስንሻው ጉዳዩን ሊዘጉት ሲሉ ብድግ አለ። «ሴትየዋ ልትሞት ነው እኮ! መኪናው አምቡላንስ ነው!» ሁላችንም አፈርን። እዚያው ፈረምን፣ ጋሽ ስንሻውም ፈረሙ፤ ፈቃዱም በሳምንቱ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የዘርፌ ቤት በጠያቂ ተጨናንቋል። ብርቱካን ይዘው ይገባሉ፣ ከንፈራቸውን መጠው ይወጣሉ። የፈራችው ደረሰባት። ሞላልኝስ? በሚቀጥለው ስብሰባ የእድሩ ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ። አዝኖ ይሁን ሰው ፊት መታየት ፈልጎ፣ እግዜር ይወቀው።

ትርሲት ፈቃዱ ላይ አንድ ግዴታ ጽፋበታለች። ያገኘው መኪና ሁሉ ሜዳው ላይ እንዳይቆም መግቢያው በሰንሰለት ይዘጋ። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ይርዳው ጋ፣ አንዱ እሱ በሚመርጠው አንድ ጎረቤት እጅ። ይርዳው ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ነው። እንግዲህ ቀን ላይ ዘርፌ ብትወድቅና አምቡላንሱ ሰንሰለቱ ጋ ቢደርስ፣ የሚከፍትላት ያ ጎረቤት ነው።

ባልና ሚስት ተቀምጠው መከሩ።

«ለጋሽ ስንሻው ልስጣቸው?» አለ ይርዳው።

«አዝለውኛል፤ ውለታቸው አለብኝ። ግን የእድር ዳኛ ግማሽ ቀኑን ቀብር ላይ ነው የሚውለው።»

«ብርነሽስ? ከቤቷ ንቅንቅ አትልም።»

«አትልም። ቁልፉን ካገኘች ግን መጀመሪያ የምታስገባው ሚኒባሷን ነው።»

«ሞላልኝ…»

«ስሙን አትጥራብኝ!»

«ዘርፍዬ፣ እሱ ባይናገር ኖሮ እኮ መንገዱም አይኖርም ነበር። ቤቱም ከሁሉም ይቀርባል።»

ዘርፌ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ለደግ ሰው ስጠው አልልህም» አለችው። «ለሚመጣልኝ ሰው ስጠው።»

ነገ ማለዳ ይርዳው ሥራ ይገባል። አስቀርጾ ለሦስቱም ይስጥ የምትሉ ብልጦች ካላችሁ፣ ትርሲት በጽሑፍ ከልክላለች። ለጎረቤት የሚሰጠው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። በሉ እናንተው ፍረዱ፦ ለተሸከሟት፣ መሬቷን ለሰጠቻት ወይስ ምስጢሯን ላወጣባት? የዘርፌ ቁልፍ የሚገባው ለማን ነው?