ዳይናሚኩ ፕሮግራም

አንድ ቀን የአንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ላቀው፣ ከሥልጠና ሲመለሱ «ዳይናሚክ»፣ ማለትም ንቁና ተንቀሳቃሽ፣ የምትል ቃል ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባው ዳይናሚክ፣ ሠራተኛው ዳይናሚክ፣ የሻይ ሰዓቱ ሳይቀር ዳይናሚክ ሆነላችሁ።

በዚያው ሰሞን ትርሲት የምትባል ፕሮግራመር፣ ከጂንካ ወዲያ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ የበሽተኛ ካርድ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም እየጨረሰች ነበር።

«ጋሽ ላቀው፣ ስታቲክ ላድርገው? የሚያስፈልገውን ላይብረሪ፣ ማለትም አጋዥ ኮድ፣ ሁሉ በሆዱ ይዞ ይሄዳል። ዳይናሚክ ከሆነ ግን ከደረሰበት ኮምፒውተር ነው የሚዋሰው፤ እዚያ ካጣ አይነሳም» አለቻቸው።

«ስታቲክ?» አሉ አቶ ላቀው፣ የተሰደቡ ያህል። «ስታቲክ ማለት እኮ ድርቅ ብሎ የቀረ ማለት ነው! ዓለም የት እንደደረሰ አታውቂም? ዳይናሚክ አድርጊው ብያለሁ!»

«እሺ።»

የርክክቡ ቀን ደረሰ። ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ካርድ ይጠብቃሉ። ኃላፊዋ ሲስተር አስካለ፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ነክቶት የማያውቀውን አሮጌ ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ። አቶ ላቀው ትርሲትን ከጎናቸው አቁመው ስለ ዳይናሚክነት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉና ፕሮግራሙን ለማስነሳት ቁልፉን ጫን አሉ።

«ላይብረሪው አልተገኘም» የምትል ጽሑፍ ብቅ አለች። ደግመው ጫኑ። ያችው ናት። ውጭ አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

«የማይሠራ ከሆነ በጊዜ ንገሩንና በእጃችን እንፈልግ። ሰው ፀሐይ ላይ ነው» አሉ ሲስተር አስካለ።

አቶ ላቀው ፊታቸው ቀልቶ ወደ ትርሲት ዞሩ። «ምን ሆኖ ነው የማይንቀሳቀሰው? ዳይናሚክ አድርጊው አላልኩሽም?»

«አድርጌዋለሁ እንጂ ጋሼ!» አለች ትርሲት። «እንዲያውም ዳይናሚክነቱ በዝቶ ላይብረሪ ፍለጋ ወጥቷል። ያ የናቁት ስታቲኩ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ቁጭ ብሎ ሥራውን ይሠራ ነበር።»

ሲስተር አስካለ ሳቃቸውን ሊውጡት ሞክረው አልቻሉም። «በይ ልጄ፣ ያንን ቁጭ ብሎ የሚሠራውን ስጪን። ወጥቶ የሚቀር ሠራተኛማ እኛም ሞልቶናል!»

ትርሲት ስታቲኩን በፍላሽ ይዛ መጥታ ኖሮ ጫነችው። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያዋ እናት ስም ተጠራ፤ አቶ ላቀው ግን «ስልክ ላናግር» ብለው ወጥተዋል።